የአሊ መሐላና የጉበቱ ክኒን

ለውድ እህቴ ለራዊያ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለው? አሠሪሽ የጁምዓ እረፍትሽን መለሰችልሽ ወይስ አሁንም ምክንያት ትደረድራለች? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ማሽላው ገብቷል። ልጅሽ ሙንተሲርም ቁመቱ እኔን አልፏል፤ ሱሪ ማሳጠር ቀርቶ ማስረዘም ሆኗል ሥራዬ።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ አሊ ከግድግዳው ወዲያ ስለሚተኛና የምናገረውን ሁሉ ስለሚሰማ ነው። ጌጤ ወደ ኩዌት ስለምትመለስ በእጇ ልኬልሻለሁ።

የወንድማችን ሕመም የወፍ ነው ወይ ብለሽ ነበር። አይደለም። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ሰው ሁሉ የወፍ በሽታ ነው እያለ ቅጠል ሊያጠጣው ተረባረበ፤ ደሙ ሲመረመር ግን ሄፓታይተስ ሲ የሚባል የጉበት ቫይረስ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒት አለው፤ ሦስት ወር ሳያቋርጡ የሚውጡት ክኒን ነው፣ ያድናል። ዝም ከተባለና አረቄ ከተጨመረበት ግን ጉበቱን ይጨርሰዋል። እሱ ደግሞ ጫቱ ሳያንሰው ምርቃናውን ለመስበር፣ ለጨብሲ እያለ አረቄውን አልተወም።

ክሊኒኩ ድሮ ‹ሱስህን ትተህ ና› እያለ ይመልሰው ነበር። አምና ለባለሙያዎቹ ሥልጠና ተሰጠ፤ ሱስ ያለበትን የጉበት ሕመምተኛ እንዴት እንደሚደግፉ የሚያስተምር ነው። የጎረቤታችን ልጅ ፈሪሀ፣ ነርሷ፣ ወልድያ ሄዳ ሰልጥና መጣች። ‹እትዬ ዘሊካ፣ ከእንግዲህ ተው ብለን የምንመልሰው ሰው የለም። እየቃመም ቢሆን ክኒኑን ይጀምራል። ከታካሚው ጋር ስምምነት ነው የምናደርገው› ስትለኝ ደስ ብሎኝ አሊን ይዤ ሄድኩ።

አነጋገሯ መልካም ነበር። አልተቆጣችም፣ አላንቋሸሸችውም። ‹ክኒኑን በየቀኑ ትውጣለህ፣ አረቄውን እየቀነስክ ትሄዳለህ› አለችው፣ እሱም እሺ አለ። እዚያ ላይ ብታበቃ ምን ነበረበት? የእኛ አገር ሰው ግን መሐላ ያልገባበትን ስምምነት ስምምነት አይለውም። ‹በል ወላሂ በላ፣ አሊ› አለችው። እሱም እንደ ሙሽራ አንገቱን ደፍቶ ‹ወላሂ፣ አረቄ ሁለተኛ በአፌ አይዞርም› አለ። በር ላይ የነበረችው የካርድ ክፍል ሴትዮ ጭምር አሚን አለች።

ሳምንት እንኳ አልቆየም። ሮቢት ከተማ ወርዶ ጠጥቶ መጣ። ከዚያ በኋላ ክኒን የለ፣ ክሊኒክ የለ። በፈሪሀ ደጅ ላለማለፍ በመስኖው ቦይ በኩል ይዞራል። ‹በአላህ ስም ምዬ አፍርሻለሁ፣ በምን ዓይኔ ልያት?› ይላል። ስለምነው ደግሞ ‹አንቺም ልታስምይኝ ነው?› ይለኛል። ባሌን ዒምራንን እንዴት አድርጌ እንዳስማልኩት፣ መሐላው ሲፈርስበትም ሕመሙን እስኪሞት ድረስ እንዴት እንደደበቀኝ ታውቂያለሽ።

ብሽቅ ብዬ ፈሪሀ ዘንድ ሄድኩና ‹ሥልጠናው ላይ አስምሉ ተብላችኋል?› አልኳት። ‹ኧረ አልተባልንም፣ እትዬ። እንዲጠነክር ብዬ እኔው ነኝ የጨመርኩት› አለች። ክፋት ቢኖርባት በተጣላኋትና በቀለለኝ። ሸህ ኸይረዲንን ብጠይቃቸው ሳቁ። ‹የፈረሰ መሐላ ከፋራ አለው፤ ድኻ ያበላል፣ ካጣ ይጾማል። ለፈረሰ ጉበት ግን ከፋራ አላውቅለትም። ክኒኑን ይዋጥ› አሉ። ይህን ለአሊ ብነግረው ሸሁ ያሉት ሳይሆን እኔ የፈጠርኩት መሰለው።

በመጨረሻ ፈሪሀ ራሷ ማሽላ በፌስታል ተሸክማ ቤታችን መጣች። ‹ያስማልኩህ እኔ ነኝ፣ ለከፋራው እኔም አግዝሃለሁ› አለችው። አሊ ፌስታሉን አየት አድርጎ ‹ይህንንም ወልድያ ነው ያስተማሯችሁ?› አላት። ሲቀልድ ከሰማሁት ቆይቼ ነበር።

ትናንት ጉንጩን በጫት ወጥሮ ክሊኒክ ሄደ። ተከተልኩት። ‹ትፋውና ግባ› ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ፈሪሀ መቼ እንደጠጣ ጠየቀችው፣ ከትናንት ወዲያ መሆኑን አልደበቃትም። ክኒኑን በውሃ ሰጠችውና ‹በል ነገም እንገናኝ› አለችው። ማል የሚል አልነበረም።

አሁን የቀረሽው አንቺ ነሽ፣ ራዊያ። በየጁምዓው የምትልኪለት ድምፅ ከዚህ ሁሉ ሰው በላይ አታክቶኛል። ‹ወላሂ በለኝ፣ በእማዬ ሞት ማልልኝ› ትይዋለሽ፤ እሱም ይምልልሽና ስልኩን ትራስ ሥር ቀብሮ ሁለት ቀን ከሰው አይገናኝም። ከፍቅርሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ከፍቅር ነበር። በአላህ ይሁንብሽ ተይው። ‹ዛሬ ዋጥክ?› ብቻ በይው። አልዋጥኩም ካለሽም ስልኩን አትዝጊበት፤ የቀን ውሎውን ጠይቂው።

አብራሽ ላለችው ለደብሪቱ ሰላም በይልኝ። ሙንተሲር እጅሽን ይስማል። ፈሪሀ ሰላም ብላሻለች፣ እንዳትቀየሚኝ በይልኝ ብላለች። አሊ ስለ ደብዳቤው አያውቅም፤ የእሱን ሰላምታ ከራሱ አፍ ስሚው።

እህትሽ ዘሊካ
ቆቦ፣ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.