ከሶላሩ ሥር የበቀለው ጎመን፦ የአቶ ህሩይ ሐብተ ማርያም የሕይወት ታሪክ

በጥቅምት ወር 2012 ዓ.ም. አቶ ህሩይና ባለቤታቸው ወይዘሮ ማርያማዊት በቤታቸው ሰገነት የተነሣ ከተኳረፉ ሦስተኛ ሳምንታቸውን ይዘው ነበር። ወይዘሮ ማርያማዊት አፈር አስወጥተው ጎመን ተክለውበታል፤ አቶ ህሩይ ቦታውን ለሶላር ይፈልጉታል።

«አፈርሽ ቤቱን አናታችን ላይ ያወርደዋል» ይሉ ነበር አቶ ህሩይ።

ወይዘሮ ማርያማዊትም «እናንተ ደገኞች ፀሐይ ብርቃችሁ ነው፤ ቅጠል የምታሳርር ፀሐይ ምን ትጠቅማለች?» ይሏቸዋል።

አቶ ህሩይ ከአባታቸው ከመሪጌታ ሐብተ ማርያምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዝናሽ ዳኛው በ1950 ዓ.ም. በጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ተወለዱ። በአባታቸው ዘንድ ዳዊት ከደገሙ በኋላ ጎንደር መጥተው ዘመናዊ ትምህርት ተከታተሉ። የኤሌክትሪክ ሙያ ተምረውም በ2010 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በመንግሥት መሥሪያ ቤት አገለገሉ። በ1978 ዓ.ም. ከእንፍራንዟ ተወላጅ ከወይዘሮ ማርያማዊት ፍቅረ ማርያም ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ናዝራዊትንና አዳነን ወልደዋል።

በሰገነቱ ክርክር በመጀመሪያ የረቱት አቶ ህሩይ ናቸው። አብዛኛውን አፈር አስነሥተው ስድስት የሶላር ሰሌዳ ከሊሾው ጋር አጣብቀው አሰሩ። ፀሐይ በበረታ ቁጥር ኃይሉም ይበረታል ብለው ያምኑ ነበር። መጋቢት ሲገባ ግን ኃይሉ ቀትር ላይ እየወረደ አስቸገራቸው። ገመድ ቢቀይሩ፣ ማያያዣ ቢፈቱ ያው ሆነ።

ወይዘሮ ማርያማዊት የሽንኩርት አምራች ልጅ ናቸውና ችግኝ ጥላ እንደሚወድ ያውቃሉ። ሳይናገሩ አንዱን ሰሌዳ ከማሰሪያው ፈትተው፣ በየማዕዘኑ ሦስት ሦስት ድንጋይ ደራርበው ከፍ አድርገው አስደግፈው፣ ከሥሩ በቀረው አፈር ጎመን አፍልተው ነበር። አቶ ህሩይ ይህን ባዩ ጊዜ ተቆጡ። ሰሌዳውን ከማውረዳቸው በፊት ግን እንደ ልማዳቸው ለኩት፤ ከቀሩት ከአምስቱ ሁሉ የተሻለ ኃይል ይሰጣል። ጀርባውን ዳሰሱት፤ ቀዝቃዛ ነው፤ ለካ የሌሎቹን ኃይል ቀትር ላይ የሚያወርደው ሙቀቱ ኖሯል። ጎመኑም ለምልሟል።

ወርደው ባለቤታቸውን «ሌሎቹንም ከፍ እናድርጋቸው እንዴ?» አሏቸው።

«ምነው? ቤቱ አናታችን ላይ ቢወርድስ?»

የሰገነቱ ጣጣ በዚህ አበቃ። አቶ ህሩይ ወፍራም ላስቲክ አንጥፈው አፈሩን በስሱ መለሱ፤ ስድስቱንም ሰሌዳ በብረት እግር አቆሙ። ሥራውን ያዩ ጎረቤቶች ጠሯቸው፤ ቀጥሎ የደብራቸው ሰበካ ጉባኤ ለአዳራሹ ጣሪያ ጋበዛቸው። በየሄዱበት የብረቱን እግር በሦስት ድንጋይ ልክ ያስቆርጡ ነበር። ለምን ሲባሉ «ባለቤቴ ናት የለካችው» ይላሉ። ይህን ግን ለራሳቸው ለወይዘሮ ማርያማዊት ሲነግሯቸው የሰማ የለም።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል።

የደከሙትን የማይረሳ አምላክ ፀሐይ በማያቃጥልበት ጥላ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥልን።

አቶ ህሩይ ባረፉበት ማለዳ ለቀስተኛው ግቢውን ሞልቶ ሳለ፣ ወይዘሮ ማርያማዊት የውሃ ባልዲ አንሥተው ወደ ሰገነቱ ወጡ።