የሎሚን ፎቶ አውርዱልን

ለክቡር አቶ ጀንበሬ
በካርቲየ 6 ሰፈር የኢትዮጵያውያን ልጆች ደኅንነት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ጅቡቲ

ክቡር ሆይ፣ በዚህ የሐምሌ ሙቀት ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? የቢሮዎ ማቀዝቀዣ ቀንም ሌትም እንደሚሠራ ስለሰማን፣ በእርስዎ በኩል እኛም ቀዝቀዝ ብሎናል።

ይህን የምጽፈው እኔ ጫላቸው፣ የወደቡ ጫኝና አውራጅ፣ በማታ ትምህርት ፊደልን በአንድ ሳምንት ያጠናቀቅሁ ብቸኛው ሰው ነኝ። ሳምንቱ ትንሽ ረዘም ብሎ ሁለት ዓመት ወሰደ፤ እሱም ቢሆን መምህሩ ቀስ ብሎ ስለሚያስተምር ነው። አሁን ግን ሳላነብ የማልፈው ነገር የለም፤ የስንዴ ጆንያውንም፣ የመድኃኒት ብልቃጡንም፣ የኮሚቴዎን የፌስቡክ ገጽም አነባለሁ። ጣጣው የመጣው ከዚህ ከሦስተኛው ነው።

አንደኛ፣ ስለ ሥልጠናው ላመስግንዎ። ባለፈው ወር ልጆቻችንን ሰብስባችሁ በኢንተርኔት ራሳቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ አስተማራችሁልን። የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጄ ሎሚም ተምራ መጣች። ስምሽንና ሰፈርሽን ለማታውቂው ሰው አትንገሪ፣ የይለፍ ቃልሽን ለማንም አትስጪ፣ የማታውቂው ሰው ቢጽፍልሽ አትመልሺ። ቤት ውስጥ እንደ ጸሎት ስትደግመው ደስ ብሎኝ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ፤ ትምህርቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ ለማለት ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ቃል ኪዳኑ። በሥልጠናው መዝጊያ እያንዳንዱ ልጅ በትልቅ ካርቶን ላይ በእጁ ጽፎ፣ ደረቱ ላይ ይዞ ከክብር እንግዳችሁ ጋር ፎቶ ተነሣ። የልጄ ካርቶን እንዲህ ይላል፦ «እኔ ሎሚ ጫላቸው፣ አባቴ ወደብ የሚሠራ፣ ካርቲየ 6 ከሰማያዊው ዳቦ ቤት ጀርባ የምኖር፣ ስሜንና አድራሻዬን ለማላውቀው ሰው ላለመናገር ቃል እገባለሁ።» ይህንንም ዓለም ሁሉ በሚያየው ገጻችሁ ላይ ለጠፋችሁት። ክቡር ሆይ፣ ልጄ ቃሏን አላፈረሰችም። ለማታውቀው ሰው አንዲት ነገር አልተናገረችም፤ ኮሚቴው ተናገረላት እንጂ። ሳይወከል ይህን ያህል የሚደክምልን አካል ከየት ይገኛል?

ሦስተኛ፣ ሳምንት ሳይሞላ «የአባት ወዳጅ» የሚል ስም ያወጣ፣ መልኩ የማይታይ ሰው በስሟ ፈልጎ አገኛትና ጻፈላት። አባትሽ ጫላቸው ወደብ ላይ ጆንያ ወድቆበት ተጎድቷል፣ አምቡሊ ሰፈር ሐኪም ዘንድ ወስደነዋል፣ አውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ላይ ነጭ መኪና ይጠብቅሻል፣ እናትሽ እንዳትደነግጥ አትንገሪያት ይላል። እኔ በዚያ ሰዓት ጆንያው ላይ ተቀምጬ ውኃ እጠጣ ነበር። ልጄም አንብባ ሳቀችና ስልኩን ዘጋችው። የዚህ ከተማ ልጅ እኮ ናት፤ ወደ ባሕረ ሰላጤው የዐረብ አገሮች የሚያልፉትን ወጣቶች ስንቱ «ወዳጅ» እየተቀበለ እንደሚነዳቸው እያየች ያደገች።

አራተኛ፣ ፎቶው ከገጹ እንዲወርድ ልለምን ቢሮዎ ድረስ መጣሁ፤ እርስዎም በትሕትና ተቀበሉኝ። «አይ አንተ ጫላቸው፣ ሰው ሁሉ ወዶታል እኮ! የክብር እንግዳችንም አሉበት» አሉኝ። ልመናዬን ባበዛ ጊዜ፣ የገጹን የይለፍ ቃል የሚያውቀው አለምሰገድ የሚባለው ጸሐፊያችሁ ብቻ መሆኑን፣ እሱም በኦቦክ ከተማ በኩል በጀልባ ወደ የመን መሻገሩን ነገሩኝ። የይለፍ ቃልን ለማንም አለመስጠት ማለት ይህ ነው! ያስተማረውን በተግባር እስከዚህ የሚያሳይ ኮሚቴ አይቼ አላውቅም። አለምሰገድን ባሕሩ በሰላም ያሻግረው፤ ልጄን ግን ቆልፎባት ሄዷል።

አምስተኛ የለኝም። ደከመኝ። ቀን ጆንያ ስሸከም እውላለሁ፤ ማታ ገጻችሁን ከፍቼ ልጄ ካርቶኗን ታቅፋ አሁንም እዚያው ቆማ እንደሆነ አያለሁ። አለች። ከሥሯ የማላውቃቸው ወንዶች «ታምራለች» እያሉ ይጽፋሉ። ማንበብ በመቻሌ የተጸጸትኩት ያን ጊዜ ነው። የምለምነው ይህን ብቻ ነው፤ ለሥልጠናው አዳራሽ እንደሞላችሁት ሁሉ ወላጆችን አንድ ቀን ጥሩንና፣ ሁላችንም በየስልካችን ለፌስቡክ አቤት ብለን የልጆቻችንን ፎቶ እናስወርድ። የክብር እንግዳውም ቢመጡ አንጠላም፤ ፎቶ ግን አንነሣም።

በጥበቃዎ ሥር መዋሌ እንቅልፍ የነሣኝ፣ ለክብርዎ ግን ወገቤ እስከፈቀደልኝ የማጎነብስ፣

ጫላቸው፣ የሎሚ አባት
በገዛ ሥልጣኑ የወደቡ ጸሐፌ ትእዛዝ
ሐምሌ 2008 ዓ.ም.

ግልባጭ፦ ካርቶን ይዘው ለቆሙት ልጆች እናቶችና አባቶች ሁሉ

ማስታወሻ፦ ከላይ ከጻፍኩት አንዱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ልጄ አልሳቀችም። እያለቀሰች በሚኒባስ አምቡሊ ድረስ ሄዳለች። የነጩ መኪና በር ተከፍቶ ሳለ፣ ሳምቡሳ የምትሸጠው ጎረቤታችን ፀዳል አይታ «አንቺ ሎሚ! አባትሽን አሁን ወደብ በር ላይ ምሳውን ሰጥቼው መምጣቴ ነው፣ ወዴት ነው?» ብላ ክንዷን ባትይዛት ኖሮ፣ ዛሬ የምጽፈው ለእርስዎ አልነበረም። ማታ፣ የማታውቂውን ሰው ለምን አመንሽ ብዬ ጠየቅኋት። «አባዬ፣ ስሜን ያውቃል፣ ያንተን ያውቃል፣ ቤታችንን ያውቃል። እነሱ የነገሩን ስለማናውቀው ሰው ነው፤ ስለሚያውቀን ሰው ምንም አልነገሩንም» አለችኝ።