የዘጠነኛ ክፍልን ሒሳብ ስላስተማረችው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ደጋሚ

ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ አስማማው ኪዳነ ማርያም
የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር

ግልባጭ፦ ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ለሚያነብ ወላጅ ሁሉ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ወገብዎ እንዲጸና፣ ዓይንዎ ያለ መነጽር እንዲያነብ፣ በተለይም ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው መስመር ለማድረስ የሚበቃ ትዕግሥት እንዲሰጥዎ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ።

ለማያውቁኝ አንባብያን፣ ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ክቡርነትዎንም አራተኛ ክፍል አስተምሬዎታለሁ፤ ያኔ አንተ እልዎት ነበር። በጓሮ ቤቴ ከገጠር ለትምህርት የሚመጡ ልጆች ያርፋሉ። ከእነርሱ አንዷ ከአምበር ከተማ ወዲያ ካለ ቀበሌ የመጣችው የብርጓል እንዳላማው ናት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋን በ2016 ተፈትና በቀጥታ የሚያሳልፈውን ነጥብ ባታገኝም ለሪሜዲያል ከተቆረጠው በዘጠኝ በልጣ ነበር። እንግዲህ ሁለት መንገድ ነበራት። አንደኛው ዩኒቨርሲቲ ገብታ ጥቂት ወራት የማካካሻ ትምህርት ወስዳ፣ ያንን አልፋ አንደኛ ዓመትን መጀመር ነው። ሁለተኛው እዚሁ ቀርታ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን መድገም ነው። ደገመች። ምስጋናዬ በዚህ ጉዳይ ስላደረጉልን ሁሉ ስለሆነ፣ እንዳይደበላለቅብዎ በቁጥር አስፍሬዋለሁ።

አንደኛ፤ ባለፈው ዓመት ጥቅምት እቤቴ ድረስ ስለ መጡ አመሰግናለሁ። ከዚያ በፊት በነበሩት አሥራ አንድ ዓመታት አንድ ቀን እንኳ ብቅ ብለው ስለማያውቁ፣ መንገዱ አለመጥፋቱ አስደንቆኛል። «እትዬ፣ ይቺ ልጅ በሪሜዲያል በር አጎንብሳ የምትገባ አይደለችም፤ አንድ ዓመት ብትታገሠን ሕክምና ነው የምትገባው» አሉኝ። ሻይ ስቀዳልዎም «እርስዎ እኮ ያልበሰለ ተማሪ ወደ ላይ አይለፍ ይሉ ነበር፤ ያሳደጉን በዚህ ነው» ብለው አከሉበት። የጡረተኛ መምህርትን ድክመት እንዲህ በአንድ ጊዜ ያገኘ ሰው አላየሁም። ለካስ ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ አንድ ሰው መጥቶ ይህን እንዲለኝ ስጠብቅ ኖሬያለሁ።

ሁለተኛ፤ ለደጋሚዎች ስለ ከፈቱት ልዩ የማጠናከሪያ ክፍል አመሰግናለሁ። ልዩነቱ ምን ላይ እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል፤ በኋላ እንደገባኝ ሌሎቹ ክፍሎች መምህር ያላቸው መሆናቸው ነው። የፊዚክሱ መምህር ኅዳር ላይ ሄደ፤ የኬሚስትሪው በሳምንት አንድ ቀን፣ እርሱንም ሲመቸው ይመጣ ነበር። መንገድ ዛሬ ተከፍቶ ነገ በሚዘጋበት በዚህ ጊዜ መምህር ማግኘት ቀላል ነው አልልም። ያልገባኝ፣ መምህር እንደሌለ እያወቁ ክፍሉን መክፈትዎ ነው። በቀጥታ የሚያልፉ ተማሪዎች ቁጥር ከፍ ብሎ ለዞኑ ሪፖርት ቢደረግ ማንም እንደማይጠላ ግን ይገባኛል።

ሦስተኛ፤ የብርጓልን ስላከበሯት አመሰግናለሁ። ታኅሣሥ ላይ የዘጠነኛ ክፍል የሒሳብ መምህር ሲዛወር፣ ወዲህ ወዲያ ቢያዩ ሰው ጠፋና እርሷን አገኙ። «ለጊዜው ነው» አሏት። ጊዜው ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ሆነ። ሁለት ክፍል፣ መቶ ሃያ ሰባት ተማሪ፣ በሳምንት አሥር ክፍለ ጊዜ። የጎረቤታችን ልጅ ሂዊ ከዘጠነኞቹ አንዷ ነበረች፤ አንድ ቀን ደጃፌ ላይ ቆማ «ቲቸር የብርጓል፣ አንቺ ራስሽ መቼ ነው የምትማሪው?» አለቻት። የብርጓል ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ያየችውን፣ ክቡርነትዎ ከነቢሮዎ፣ እኔ ከነሠላሳ አራት ዓመቴ አላየነውም።

እዚህ ላይ ደብዳቤዬን ንጹሕ አስመስዬ መቀጠል እችል ነበር፤ ግን ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ከሚቆሙት መካከል የሚያውቁኝ አሉ። ነጩን ጋውኔን ከሣጥን አውጥቼ፣ ትከሻው ላይ አጥብቤ የሰጠኋት እኔ ነኝ። የትምህርት ዕቅዷን በቀይ እስክሪብቶ ያረምሁላት፣ ድምፅሽ የመጨረሻው ወንበር ድረስ ይድረስ ብዬ የመከርኋት እኔ ነኝ። እጅጌዋ ጠመኔ ለብሶ ስትመጣ ደስ ይለኝ ነበር። እርሷ የመቶ ሃያ ሰባት ልጅ ደብተር ስታርም የራሷ የፊዚክስ መጽሐፍ መስኮቱ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ እኔ ደግሞ ጽዳት ስለምወድ በየሳምንቱ አቧራውን እወለውልለት ነበር። መጽሐፉ ለምን አቧራ እንደያዘ አልጠየቅሁም።

አራተኛ፤ «ለትምህርት ቤቱ ላበረከተችው ከፍተኛ አስተዋጽኦ» በሚል ሰኔ ላይ ስለ ሰጧት የምስክር ወረቀት አመሰግናለሁ። ማኅተሙ ጥርት ብሎ ያረፈ ነው። ዘንድሮ መስከረም የመጣው ውጤት ደግሞ ከሪሜዲያል መቁረጫ በታች ነው፤ በአሥራ አራት። የአምናውም ዕድል አንዴ ካለፈ አልፏል። አባቷ አቶ እንዳላማው የገበያ ቀን ጠብቀው መጡና ደጃፌ ተቀመጡ። አምና ስጠይቃቸው «እኔ ፊደል አልቆጠርሁ፤ እርስዎ ያሉት ይሁን» ብለው ነበር። ዘንድሮም ውጤቱን ስነግራቸው «እንግዲህ እርስዎ ያሉት ይሁን» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

አምስተኛ፤ የብርጓል በግል ተፈታኝነት ልትመዘገብ የመልቀቂያ ወረቀት ስትጠይቅ ስለ ተሰጣት መልስ አመሰግናለሁ። መዝገብ ቤቱ «የዘጠነኛ ክፍል ማርክ ዝርዝር ስላላስረከበች አይሰጣትም» ብሏል። ደመወዝ ያልተቆረጠላት፣ የቅጥር ደብዳቤ ያልተጻፈላት ልጅ፣ ለመሄድ ስትነሣ ብቻ ርክክብ የሚጠበቅባት መምህርት ሆና ተገኘች። ዝርዝሩን ሰኔ ላይ ለምክትልዎ በእጇ ሰጥታለች፤ ፈርሙልኝ ማለት ነውር መስሏት ሳታስፈርም ቀረች። ረቂቁ በደብተሯ ስላለ የመቶ ሃያ ሰባቱን ልጆች ማርክ በጽሑፌ ገልብጬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ከዚህ በኋላ ጎደለ የሚባል ነገር የለም። በጥበቃው በኩል «አንድ ዓመት ከጨመረች መልቀቂያም አያስፈልጋት፤ ዘጠነኞቹም ይፈልጓታል» ብለው የላኩትም መልእክት ደርሶኛል። ጥበቃው ሲነግረኝ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ስድስተኛው ክቡርነትዎን አይመለከትም።

አምና እርስዎ ሻይዎን ጠጥተው ከሄዱ በኋላ የብርጓል «እኔስ ብሄድ ይሻለኛል» ብላኝ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለችው፤ ቀስ ብላ። እኔም «ያልተጠየቅሽውን አትመልሺ» አልኋት። እኔ የተማርሁት እንዲህ ነበር፤ ያስተማርሁትም እንዲሁ። ከዚያ በመድገሚያ ቅጹ ላይ «አሳዳጊ» በሚለው ቦታ፣ ባማረ ጽሑፌ፣ ስሜን ጻፍሁ። ዓመት መድገም በራሱ ክፉ ነው አልልም፤ መምህር ላለው፣ ራሱ መክሮ ለመረጠ ልጅ ይጠቅም ይሆናል። እኔ ግን መምህር ይኑር አይኑር ሳላጣራ፣ ልጅቷንም ሳልሰማ፣ የሌላ ሰው ዓመት ላይ ፈረምሁ። ከዚያ ወዲህ ሌላም ነገር አላስቀምጥ ብሎኛል። በሥራ ዘመኔ እነማንን እንዳስደገምሁ በስማቸው አስታውሳለሁ። ከደገሙት ስንቱ እንደ ቀጠለ፣ ስንቱ ወደ እርሻው ተመልሶ እንደ ቀረ ግን አላውቅም። ትክክል መሥራቴን እርግጠኛ ስለ ነበርሁ ተከትዬ አልጠየቅሁም።

ዘንድሮ የብርጓልን ጠየቅኋት። መጠየቅን አልለመደችምና መልሷን ለማምጣት ሁለት ቀን ፈጀባት። «እቤት ተቀምጬ ላጥና፤ ማንም አይጥራኝ» አለች። ያለችው ይህን ብቻ ነው፤ እኔም በዚህ ላይ አንድ ቃል አልጨምርም።

የግል ተፈታኞች ምዝገባ ጥቅምት 28 ይዘጋል። ስለዚህ የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ። ዘጠነኛ ክፍሎች አሁንም የሒሳብ መምህር እንደሌላቸው አውቃለሁ፤ ልጆቹም ጥፋት የለባቸውም። ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ፣ ክቡርነትዎ መምህር እስኪያገኙ ድረስ፣ እኔ ወለተ ሥላሴ ሁለቱንም ክፍሎች ያለ ደመወዝ አስተምራለሁ። ጉልበቴ ቆሞ ስለማያስተምር አንድ ወንበር እንዲዘጋጅልኝ እለምናለሁ። የሰንደቅ ዓላማ መዝሙር ሳይጀመር የትምህርት ቤቱ በር ላይ እገኛለሁ። መልቀቂያው ተፈርሞ እጄ ላይ ሲገባ እኔ ወደ ክፍል እገባለሁ፤ ካልተፈረመም በሩ ላይ እቀመጣለሁ፤ ለምን እንደ ተቀመጥሁ ለጠየቀኝ ወላጅ ሁሉ ይህን ደብዳቤ አነብለታለሁ። ልጅቷን አንድ ዓመት ያሳጣትን ቅጽ የፈረምሁት እኔ ስለሆንሁ፣ የዘንድሮውን ሥራዋን የምሠራውም እኔ ነኝ።

በሰባ አምስት ዓመቴ አንድ ክፍል እንድደግም ዕድል ስለ ሰጡኝ፣ ትምህርቱም ዘግይቶ ቢሆን ስለ ገባኝ፣ ለክቡርነትዎ ከወንበሬ ተነሥቼ እጅ እነሣለሁ።

የቀድሞ መምህርትዎና የዘንድሮ ባልደረባዎ፣
ወለተ ሥላሴ አምደሚካኤል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጅዎ አብይ በዚያው በ2016 ፈተና ከየብርጓል በሁለት ነጥብ ያነሰ አምጥቶ፣ አንድም ዓመት ሳይደግም በሪሜዲያል ገብቶ፣ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ መሆኑን ባለፈው እሑድ ከባለቤትዎ ሰማሁ። እንኳን ደስ አለዎት፤ ይህንን ያለ አሽሙር ነው የምለው፣ ልጁ ምንም አላጠፋም። ለእርሱ ሲሆን ምን ብለው እንደ መከሩት አምና ልጠይቅዎ ይገባኝ ነበር፤ አለመጠየቄ የእኔ ጥፋት ነው። መልሱን ግን ከእርስዎ እጠብቃለሁ፤ ሰኞ ጠዋት፣ ወላጆቹ ባሉበት።