በገጽ ስድሳ ሁለት ላይ ስላለው ፊርማ

ለዩኒቨርሲቲያችን ክቡር ፕሬዝዳንት

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም የማስታወስ ችሎታዎ ሳይጓደል እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ጤንነት በተመለከተ ግን በግቢው የሚናፈሰውን ወሬ አስቀድሜ ላርም። ባለፈው ማክሰኞ በአዲሱ የሥልጡን ውይይትና የዜግነት ትምህርት ማዕከል ምረቃ ላይ «አሮጊቷ መምህርት ሙቀት አጥቅቷቸው ራሳቸውን ሳቱ» ይባላል። ራሴን አልሳትኩም። ሙቀትም አልነበረም፤ እንዲያውም ማቀዝቀዣው ጉልበቴን ሲቆረጥመኝ ነበር። ያደረግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እጄን አወጣሁ። ወዲያው ሁለት የጥበቃ ሠራተኞች ግራና ቀኝ ክንዴን ይዘው በጓሮ በር አስወጡኝ። አንደኛው «እማማ፣ በሞቴ፣ ከሥራ እንዳያስባርሩኝ» እያለ ደረጃውን ቀስ አድርጎ አወረደኝ፤ በዚያ አዳራሽ ካየሁት ሰው ሁሉ ሥልጡን እርሱ ነበር። ሌላው ግን ሲይዝ አጥብቆ ይይዛል። በማግስቱ የደም ግፊቴን ተለክቻለሁ፤ ከእርስዎ እንደሚሻል እገምታለሁ።

ደብዳቤዎን ለሚከፍቱልዎና ለማያውቁኝ ሠራተኞችዎ ያህል፣ በዚህ ዩኒቨርሲቲ ሠላሳ አንድ ዓመት የሥነ ዜጋ ትምህርት አስተምሬአለሁ። በሥራ ላይ ሳለሁም፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ሥር ባለችው ክፍል ዐሥራ አራት የተማሪዎችን የክርክር ጉባኤ መርቻለሁ። የጉባኤው ሕግ አንድ ነው። ሰውን ከመቃወምህ በፊት ያለውን በራስህ ቃል ትደግምለታለህ፤ እርሱም «አዎ፣ ያልኩት ይኸው ነው» ብሎ በመዝገቡ ላይ ሳይፈርም ለተቃውሞ አፍህን አትከፍትም። አንዳንዱ በመጀመሪያው ቀን አራት ጊዜ ደግሞ፣ አራት ጊዜ «እንደዚያ አላልኩም» ተብሎ፣ በሩን በላያችን ላይ ወርውሮ ወጥቷል። በሚቀጥለው ሐሙስ ግን ከሁሉ ቀድሞ ተቀምጦ አግኝቼዋለሁ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ። ቁጥር የሰጠኋቸው ሲያነቡ እንዳይዘሉ ነው።

አንደኛ፣ ክፍል ዐሥራ አራትን ዘግተው የተሰበሩ ወንበሮች ማጎሪያ ስላደረጉልን አመሰግናለሁ። አዲሱ ማዕከል እጅግ ያማረ ነው። የእርስዎ አዲስ ቢሮ ሳይቀር ግድግዳው ሁሉ መስታወት ስለሆነ፣ ውጭ የቆመ ሰው የሚናገሩትን ሁሉ ያያል፤ ምንም አይሰማም። በንግግርዎ «ግልጽነት» ያሉት ይህንን ይመስለኛል። በማዕከሉ ለመናገር የፈለገ ተማሪ የሚናገረውን ጽፎ፣ ከሦስት ቀን በፊት፣ በሁለት ቅጂ ማቅረብ እንዳለበትም በሩ ላይ ተለጥፏል። ሐሳቡ በሦስተኛው ቀን ቢለወጥበት ምን እንደሚያደርግ አልተጻፈም።

ሁለተኛ፣ የግብዣ ወረቀቱ «የተሳታፊዎች ነጻ ጥያቄ፣ ሃያ ደቂቃ» ይል ነበር። ሦስት ጥያቄዎች ቀረቡ። ሦስቱንም የጠየቁት የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች ናቸው፤ ሦስቱም ከወረቀት አነበቡ። ሁለተኛው ጠያቂማ ደንግጦ መልሱንም ጭምር አነበበው። እርስዎም ሳይደናገጡ ያንኑ መልስ ደግመው ስለሰጡ አደንቅዎታለሁ። እኔ እጄን ያወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ሦስተኛ፣ የጉባኤያችን ሕግ በማዕከሉ መግቢያ በወርቃማ ፊደል ተቀርጾ፣ ከሥሩ የእርስዎ ስም ሰፍሮ ሳይ ኮራሁ። ሲገለብጡ ግን መድገሙንና መፈረሙን ዘለው፣ «ከመቃወምህ በፊት አዳምጥ» የሚለውን ብቻ አስቀሩ። ለማዳመጥማ ጭንቅላት መነቅነቅ ይበቃል። የሰው ሥራ በግማሽ የገለበጠ ተማሪ ከእኔ ዘንድ ግማሽ ነጥብ አግኝቶ አያውቅም፤ ዜሮ ነው።

አራተኛውን ወደ ኋላ ያስቀረሁት ስለሚያንስ አይደለም። ሌሎቹን ቢረሱ እንኳ ይህኛው እንዳይረሳዎ ነው።

እኔ ስወጣ አንዲት የሦስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ከኋላ ተነሥታ ተናገረች። በጉባኤያችን «ደጋሚዋ» እንላታለን፤ የሰው ሐሳብ እንደ እርሷ አስተካክሎ የሚደግም ተማሪ አላጋጠመኝም። ያለችው በቃሏ ይኸው፤ «ክቡር ፕሬዝዳንት፣ መምህራችን ምን ሊጠይቁ እንደነበር ሳይሰሙ ለምን አስወጧቸው?» ዛሬ የደረሳት የክስ ወረቀት ግን «ፕሬዝዳንቱ ሥልጣን ይልቀቁ ብላ በመጮህ ሁከት አስነሥታለች» ይላል። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ይሰበሰባል፤ ቅጣቱ ከትምህርት ገበታ ለዘለቄታው መሰናበት ሊሆን ይችላል። እናቷ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ የምትሠራ ናት። ደውላልኝ «መምህርት፣ ልጄ ምን አለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን አጠፋች አላለችም። ከሰባቱ የኮሚቴ አባላት አንድ ሰው እንኳ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ አልደከመም።

ክቡር ሆይ፣ ክፍላችንን ሲዘጉ መዝገቦቹ የት እንደገቡ አልጠየቁም። ሃያ ሦስቱም በመኝታ ቤቴ ቁም ሣጥን ውስጥ በቅደም ተከተል ተደርድረዋል። ዘጠነኛው መዝገብ፣ ገጽ ስድሳ ሁለት፣ የዛሬ ሃያ ሰባት ዓመት የተጻፈ ነው። የሸሚዙ ክርን የተጣፈ አንድ ቀጭን የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ተነሥቶ «ጥያቄን በዘበኛ የሚመልስ አስተዳዳሪ መልስ የለውም፤ መልስ የሌለው ደግሞ ሥልጣኑን ይልቀቅ» አለ። ተከራካሪው ደገመለት። ልጁም «አዎ፣ ያልኩት ይኸው ነው» ብሎ ፈረመ። በምረቃው የግብዣ ወረቀት ላይ ካለው ፊርማዎ ጋር አስተያየሁት፤ ያን ጊዜም የገጹን ግማሽ ይወስድ ነበር።

ስለዚህ በክሱ ወረቀት ላይ የሰፈረው ንግግር በዚህ ግቢ በእርግጥ ተነግሯል። የተሳሳተው የተናጋሪው ስም ብቻ ነው።

ያን በፈረሙበት ሳምንት ዲኑ ሊያባርርዎ ሲነሣ፣ ያንን መዝገብ ታቅፌ ከኮሚቴው ፊት የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ላለው ነገር ፈርሞ የቆመ ልጅ አይባረርም ብዬ ስከራከር አመሸሁ፤ እርስዎም ተማሩ፤ ይኸው እዚህ ደረሱ። ውለታዬን ይመልሱ ብዬዎት አላውቅም፤ ዛሬም አልልም። ዛሬ የምፈልገው በቀል ነው። ቃሉን ላሳምረው አልሞከርኩም።

የጽሕፈት ቤትዎን ማኅተም የመሰሉ ሁለት ሰማያዊ ምልክቶች በግራ ክንዴ ላይ እንደያዝኩ፣ ከወትሮው በበለጠ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

የክፍል ዐሥራ አራት መምህርት

ሳልረሳው፤ ድንገት መጣችብኝ እንዳይሉ ነገ በመጀመሪያ የማደርገውን ላሳውቅዎ። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሥቼ ግራጫ ቀሚሴን እተኩሳለሁ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ እንደተከፈተ ገጽ ስድሳ ሁለትን አራት መቶ ቅጂ አስባዛለሁ። በመስታወት ግድግዳዎ ላይ ፊደሉን ወደ ውስጥ አድርጌ እለጥፋቸዋለሁ፤ ከወንበርዎ ሳይነሡ እንዲያነቡት። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የልጅቷን እናት ከበር እቀበላለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ከልጅቷ ጎን ተቀምጬ እጄን አወጣለሁ፤ ሰብሳቢውም እርሷ ያለችውን እንዲደግም እጠይቀዋለሁ። «አዎ፣ ያልኩት ይኸው ነው» ብላ እስክትፈርም ድረስ ከዚያ ክፍል አልወጣም። ጥበቃዎቹን ለመላክ ካሰቡ በዚህ ጊዜ አራት ያድርጓቸው፤ እናትየዋ ሃያ ዓመት ሙሉ እርጥብ አንሶላ ስትጠመዝዝ የኖረች ሴት ናት፤ ክንዷ እንደ እኔ አይደለም።