በረዶው ወንዝ ማዶ ወረደ

ሎሬዳናዬ፣

ካርዷ ትንሽ ስለሆነች አሳጥሬ ነው የምጽፍልሽ። ከሰዓት በኋላ በአዲጄ ወንዝ ዳር፣ መኪና በማይገባበት የብስክሌት መንገድ ስሄድ ሰማዩ በአንዴ ጠቆረ። ኤርሚኒያ የሚባሉ ባለ ወይን አሮጊት መቀስ ይዘው መንገዱ መሃል ቆሙብኝ።

“ውረጂ ልጄ! በረዶው ሳይቀድመን እንቁረጥ!”

እኛ ፌራራ ከተማ በረዶ ሲመጣ የምንሳሳው ለመኪናችን ጣሪያ ነው፤ እዚህ ግን የሚረግፈው የዓመት ልፋት ነው። ጎንበስ ብዬ አብሬያቸው ዘለላ ስቆርጥ ቆየሁ። በረዶው እኛን ስቶ ወንዝ ማዶ ወረደ።

“ተረፍን፣ እማማ!” ብዬ ጮህኩ።

ፊታቸው አመድ መሰለ። “ማዶ ያለው የወንድሜ የቱሊዮ ወይን ነው። በአባታችን መሬት ተጣልተን ከተነጋገርን አስራ አንድ ዓመታችን። የልብ ድካም ደግሞ አለበት፤ ብቻውን ነው የሚኖረው።”

ይህን ብለው ሳያስፈቅዱኝ ብስክሌቴ ላይ ወጡና ወደ ድልድዩ በረሩ። እኔ ከወይኑ አጠገብ ባለው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ መንገድ መንገዱን ሳይ ቤት ውስጥ ስልክ ጮኸ። ሮጬ አነሳሁት።

“ቱሊዮ ነኝ” አለ የደከመ ድምፅ። “የእህቴ ወይን ተረፈላት?”

“ተርፏል። እሳቸው ግን ወደ እርስዎ እየመጡ ነው!”

የብስክሌቴ ደወል በስልኩ ውስጥ ተሰማኝ፤ ወዲያው ስልኩ ከቱሊዮ እጅ ሲወድቅ ሰማሁ። ሃሎ፣ ሃሎ እያልኩ ብጣራ የሚሰማኝ አጣሁ። ቆይቶ እህትና ወንድሙ ስም እየተጠራሩ ሲላቀሱ ሰማሁ።

ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ ለወንድምሽ ለፋውስቶም ሰላምታዬ ይድረሰው።

ኖርማ