የከንቲባው አሳዳጊ

ይድረስ ለምሳሳልሽ የወንድሜ ልጅ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከተማ ላናወጥሽው ለቤዛ ከፍያለው፤

እንደምን ከርመሽልኛል? ጤናሽ እንዴት ነው? ከፖሊስ ጣቢያ ይዘሽው የወጣሽው ሳል ለቀቀሽ ወይ? እንቅልፍስ ይወስድሻል ወይስ እንደ አባትሽ ጣሪያ ጣሪያውን ስታዪ ታነጊያለሽ? እህል ትቀምሻለሽ? እኔ ለቸሩ አምላክ ምስጋና ይግባውና ከጉልበቴ፣ ከወገቤና ከፔርሜሶዬ በቀር ደኅና ነኝ። ጉልበቴንና ወገቤን የጨረሰው የሰው ደረጃ ማጽዳት ነው። ፔርሜሶዬ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ደግሞ ለእድሳት ኩዌስቱራ፣ ፖሊስ መሥሪያ ቤት፣ ከገባ ወዲህ እዚያው ተኝቶ ቀርቷል፤ ፖሊሶቹን በጠየቅኋቸው ቁጥር ነገ ይሉኛል። ቢታደስም በስደተኛ ወረቀት አገር ቤት መግባት ስለማልችል እኔ ራሴ መጥቼ ጆሮሽን ልቆነጥጥሽ አልቻልኩም።

ስልክሽ በኤግዚቢትነት እንደተያዘ አባትሽ ነግሮኛል። በእሱ ስልክ ልደውልልሽ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን አጠገብሽ ቆሞ እያንዳንዷን ቃል በዓይኑ ሲያርም ታየኝና ተውኩት። ወረቀት ይሻላል። ወረቀት መሐል ገብቶ የሚያቋርጠኝ የለም።

ጽሑፍሽን ሳይጠፋ በፊት አንብቤዋለሁ። የሰፈራችሁ ቧንቧ ጠብ ሳይል ከንቲባው ለአደባባዩ ፏፏቴ ሪባን ሲቆርጥ የተነሣውን ፎቶ ለጥፈሽ፣ ከሥሩ «ሕዝቡ ጀሪካን ይዞ ይዞራል፣ ይኼ አሳዳጊ የበደለው የአደባባይ ውኃ ይመርቃል» ብለሽ ጻፍሽ። አሎራ፣ እንግዲህ እውነቱን ልንገርሽ፣ ስቄያለሁ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ስስቅ የሰሙ ሲኞራ በራቸውን ከፍተው ታመሃል ወይ ብለውኛል። ሳቄ ሳያልቅ ፖሊስ ከምትሠሪበት መድኃኒት ቤት ወሰደሽ። በማኅበራዊ ሚዲያ የመሪን ክብር ነክታለች ተብለሽ ተከሰስሽ፤ በዋስ ወጣሽ፤ ቀጠሮሽ ኅዳር ላይ ነው፤ ከተፈረደብሽም እስር አለበት። ከንቲባው በከተማው ገጽ ላይ በቪዲዮ ይቅርታ ከጠየቀች አቤቱታዬን አነሣለሁ ብሏል። አንቺ ደግሞ ከፈለጋችሁ ፏፏቴውን ይቅርታ እጠይቃለሁ እንጂ እሱን አልጠይቅም ብለሽ አባትሽን ልታሳብጂው ደርሰሻል።

አባትሽም እንድመክርሽ ለመነኝ። እኔን ለምክር መጥራቱ ራሱ ምን ያህል እንደጨነቀው ያሳያል።

ፈረንጅ አገር አፍ ነፃ ነው ብለሽ እንዳታስቢ። እዚህም የፕሬዚዳንታቸውን ክብር መንካት በሕግ ያስቀጣል። ሰው አንብቦ ደረጃ ሥር የሚጥለውን ጋዜጣ እያነሣሁ አነባለሁ፤ ሹም ሰድቦ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ሰው አይጠፋበትም። ቡና ቤት ግን ከጠዋት ጀምሮ ሁሉም ሹሞቹን ይሳደባል፤ ማንም አይጽፈውም። ደክሞኛል ቤዛዬ። በዕድሜዬ ስንቱ መጣ፣ ስንቱ ሄደ፤ ወንበሩ አንድ ነው፣ የሚቀመጡበት ሰዎች ቆዳ ግን እየሳሳ ነው የሄደው። ድሮ አፍ እላፊ የተናገረ ሰው ጎረቤቱ ካልጠቆመበት ያመልጥ ነበር። ዛሬ ጥቆማውን ራሳችሁ በስማችሁና በፎቶአችሁ ትለጥፋላችሁ።

ከንቲባው ሮማ ውስጥ አክስት እንዳለው አንቺ አታውቂም። እኛ ሁላችን እናውቃለን። ወይዘሮ የሺእመቤት ይባላሉ፤ ፀጉራቸው እስኪነጣ ድረስ በየጣሊያኑ ቤት እያደሩ አሮጊቶች ሲያጥቡና ሲያጎርሱ የኖሩ ሴት ናቸው። ሐሙስ ከሰዓት የቤት ሠራተኛ ዕረፍት ስለሆነ፣ ከጓደኛቸው ከማክዳ ጋር ወደ ተከራዩአት የቶር ፒኛታራ ክፍል መጥተው እግራቸውን ይዘረጋሉ። ልጁ ከንቲባ የተባለ ጊዜ ፎቶውን ለቤተ ክርስቲያናችን ሰው ሁሉ እየዞሩ ያሳዩት እሳቸው ናቸው። የቤተ ክርስቲያናችንን ቄስ አባ ዘመንፈስቅዱስንና ወዳጄን አቶ ትስፋልደትን አስከትዬ አንድ ሐሙስ ሄድኩ። እኔ ሽማግሌ! ሙሽራው ላይ ያሾፋል ብለው ለሠርግ እንኳ ልኮኝ የሚያውቅ ሰው የለም።

ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥምና ሦስታችን በሩ ሥር ተደርድረን ቆምን። ክፍሏ በጣም ጠባብ ናት። የአባ ቆብ አምፖሉን ይነካል፤ አቶ ትስፋልደት ግማሹ የተሰጣ ልብስ ውስጥ ገብቷል። ተቀመጡ ይሉናል፤ ቃላችንን ሳይሰሙ አንቀመጥም እንላለን። የመጣንበትን ስንናገር ፊታቸው ጠቆረ። «አንተ ሀብቴ፣ በአንተ ቀልድ ያደገች ናት አይደል?» አሉኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። «እንግዲያው ቆማችሁ ዋሉ» አሉ። ዋልን።

ቆይተው ስልካቸውን አወጡና ጽሑፍሽን አነበቡልን። ሰው ልኮላቸው ኖሯል። «አሳዳጊ የበደለው» የሚለው ላይ ሲደርሱ አቆሙ። «አሳዳጊው እኔ ነኝ» አሉ። እናቱ እሱን ስትወልድ ሞታ፣ በጡጦ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሮማ የመጡትም እሱን ለማስተማር ነው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል እግሩን ወረቀት ላይ አስቀምጦ በእርሳስ ዙሪያውን ይሥልና ይልክላቸው ነበር። እሳቸው ወረቀቱን በቦርሳቸው ይዘው ጫማ ቤት ይገቡና፣ ዓመቱን እንዲያደርስለት ትንሽ ሰፋ ያለውን ይገዙለት ነበር። አየሽ ልጄ፣ ያቺ ስድብ ሁላችንም አፍ ላይ ያለች ናት፤ እኔም ትራም ላይ የረገጠኝን ሁሉ እላታለሁ። ከከንቲባው ቆዳ ላይ ነጥራ የት እንደምታርፍ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ያረፈችው የሰው አሮጊት ሲያነሡ ወገባቸው በተቆረጠ ሴት ላይ ነው።

አባ ይቅር ይበሉ አሏቸው። ወይዘሮ የሺእመቤት የሻሻቸውን ጫፍ ሲጠቀልሉና ሲፈቱ ቆዩና፣ ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ብለው እዚያው ፊታችን ደወሉለት፤ ድምፁም ለሁላችን እንዲሰማ አደረጉት። እማዬ ነው የሚላቸው። «የተሰደብኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ምሬያታለሁ፤ ልጅቷን ተዋት» አሉት። ሳቀ። ጉዳዩ የግል ሳይሆን የመንግሥት ክብር ነው፣ አንቺ እዚያ ሆነሽ አይገባሽም፣ ይኼ አንቺን አይመለከትም አላቸው። «ያሳደገህ ሰው የተሰደበበት ነገር እንዴት አይመለከተኝም?» ቢሉት ድምፁ ተለወጠ። ለመሆኑ አጠገብሽ ማን አለ፣ እነማን ናቸው የላኩሽ፣ ስማቸውን ንገሪኝ አለ።

ወደ እኛ ዞር ብለው አዩ። አባ መስቀላቸውን ጨብጠዋል፤ አቶ ትስፋልደት ልብሶቹ ውስጥ ጨርሶ ሊገባ ነው፤ እኔም የምቀልደው ጠፍቶኛል። «ማንም የለም፤ ብቻዬን ነኝ» አሉትና ዘጉት። ስልኩን ደረታቸው ላይ አደረጉት። «እግሩ ሲያድግ ብቻ ነው ለካ ሳይ የኖርኩት» አሉ። ከዚያ፣ «ተቀመጡ» አሉን። ተቀመጥን።

እንግዲህ አባትሽ የጠበቀውን ምክር ልሰጥሽ አልቻልኩም። ለከንቲባው በቪዲዮ ይቅርታ ጠይቂ አልልሽም፤ አትጠይቂ አልልሽም። የምትታሰሪው አንቺ ነሽ። ሮማ ተቀምጦ በሰው እስር ጀግና መሆን ቀላል ነው፤ እንዲህ ያለው ጀግና ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ቅመም ተራ ሞልቷል። ከፈራሽም ፍሪ፤ እኔ እዚህ ሆኜ እፈራልሻለሁ። ግን ሁለቱን ነገር አትቀላቅይው። ስለ ውኃው የጻፍሽው እውነት ነው፤ ማንም ፊት ብትቆሚ እውነትነቱ አይለወጥም። ስለ አሳዳጊው የጻፍሽው ደግሞ የማታውቂያቸውን ሴት ወግቷል። ሰውየው የሚፈልገው ይቅርታሽን ሳይሆን ካሜራ ፊት ያቀረቀረ ፊትሽን ነው። ይቅርታሽ የሚገባቸው እሳቸው ናቸው፤ ለዚያ ደግሞ ቪዲዮም ፖሊስም አያስፈልግም።

ለወንድሜ ለከፍያለው፣ ልጅህን በጩኸት አታሸንፋትም፣ እኔም አንተን በልጅነትህ አላሸነፍኩህም ብሎሃል በይልኝ፤ ከዚያ ሳሚልኝ። ለእናትሽ ለእቴነሽ፣ እንባዋን ቀንሳ ምሳዋን ትጨምር፤ ቀልደኛው የባልሽ ወንድም በጣም ናፍቆሻል በያት። ለወንድምሽ ለአሸብር፣ ያንቺን ጽሑፍ በየግሩፑ መበተኑን ይተው፤ ለአንድ ቤት አንድ ተከሳሽ ይበቃል። በረንዳ ላይ ለተደረደሩት ጀሪካኖቻችሁም ሰላምታዬ ይድረሳቸው።

በመጨረሻም ይህን ደብዳቤ በእጅሽ ስለሰጡሽ እንግዳ ልንገርሽ። ከሮማ የመጡ የአጎትሽ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው ተብለሽ ይሆናል። አንብበሽ እስክትጨርሺ ስማቸውን እንዳይነግሩሽ የለመንኳቸው እኔ ነኝ። የሚያስታምሟቸውን አሮጊት ለማክዳ አደራ ሰጥተው፣ ከንቲባው ቤት አላርፍም፣ የሰደበችኝ ልጅ ቤት ነው የማርፈው ብለው ትኬት ቆረጡ። በቀጠሮሽ ቀን ካንቺ ጎን እቀመጣለሁ ይላሉ። ዳኛው ይስማቸው አይስማቸው እግዜር ይወቅ፤ እኔ እንጃ። አንቺ ግን አሁን ወረቀቱን አስቀምጪና ወይዘሮ የሺእመቤትን ቀና ብለሽ እያቸው።

አጎትሽ ሀብተሚካኤል

ሮማ፣ ቶር ፒኛታራ
ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.