የጣርማበሩ ጭጋግ

ሥርጉት፣

ከቅዳሴ ስትመለሺ አታገኚኝም። እናቴን ስላመማት ደብረ ሲና እየወረድኩ ነው። መናኸሪያ የሚያደርሰኝ ባጃጅ በር ላይ ቆሞ ጡሩምባውን ይነፋል።

ስለዚህ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሠራነውን የኮምፒውተር ጨዋታ ለወጣት ማዕከሉ ልጆች ብቻሽን ታሳያለሽ።

እኔ ላፕቶፕ ላይ፣ የሚሠራው በሊኑክስ ስለሆነ፣ የጨዋታው መኪና የጣርማበርን ቁልቁለት ሽው ብሎ ይወርዳል። እዚያ ያሉት ኮምፒውተሮች ግን ዊንዶውስ ናቸው፤ ባለፈው እንዴት እየተንቀራፈፈ እንዳሳፈረን አይተሻል። ያን ቀን በሰው ፊት «የሥርጉት በጎች ናቸው ያከበዱት» ብዬ ከመንገዱ ላይ አጠፋኋቸው።  ከዚያ ወዲህ ለጨዋታው አንድም ሥዕል አልሣልሽም።

ዛሬ ጠዋት ምክንያቱን አገኘሁት። መንገዱ ላይ የጨመርኩት የኔ ጭጋግ ነው። ሥዕሉን በሰከንድ ስልሳ ጊዜ ከፋይል እየከፈትኩ ነበር፤ ዊንዶውስ ደግሞ ፋይል በተከፈተ ቁጥር ቫይረስ ይፈትሻል። አሁን ሲጀምር አንዴ ብቻ ይከፈታል።

የተስተካከለው ጨዋታ ያለበት ፍላሽ ቴሌቪዥኑ ጎን አለልሽ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጪው፤ ከፍላሹ ላይ እንዳታስጀምሪው።

ዊንዶውስ ላይ አልሞከርኩትም። ጊዜ የለኝም። ባለባጃጁ አሁንም እየነፋ ነው፤ ምን ዓይነት ሰው ነው!

በጎችሽን መልሻቸዋለሁ። ለሚ አገር ቤት ያሉትን የአባትሽን በጎች አይተሽ የሣልሻቸው አሥራ ሁለቱም አሉ፣ አንካሳዋም ጭምር።

አሁንም ከተንቀራፈፈ የኤፍን ቁልፍ ተጫኚ፤ ጭጋጉ ይጠፋል።

በጎቹን የሚያጠፋ ቁልፍ አልሠራሁም።

ቤዛ